የመኪና ኤሲ ከመፈታቱ በፊት፦ ጋዝ እንዳለበት እንዴት በደህና ይታወቃል?

ሞተር ወዳጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ሞተር ለማውረድ የኤሲው ኮምፕሬሰር (ጋዙን የሚጨምቀው)፣ ኮንዴንሰር (ጋዙ ሙቀቱን የሚለቅበት የፊት ክፍል) እና ቧንቧዎቹ መውጣት ያለባቸው መኪና አለ። ኤሲው አይቀዘቅዝም፣ ሲከፈትም ኮምፕሬሰሩ አይነሳም። ኮፋኖው ስር የተለጠፈው ወረቀት «አር-134ኤ፣ 550 ግራም» ይላል፤ የማቀዝቀዣው ጋዝ ዓይነትና መጠን ማለት ነው።

አንዳንዱ ሰው «ካልቀዘቀዘ ጋዙ አልቋል፣ ዝም ብለህ ፍታው» ይላል። ሌላው ደግሞ ጋዝ የሚሞላበትን ቫልቭ መርፌ በካቻቢቴ ጫን አድርገህ ከጮኸ አለ፣ ዝም ካለ የለም ይላል። ሁለቱም አላሳመኑኝም። ቧንቧ ከመነካቱ በፊት ምን ምን መታየት እንዳለበት የምታውቁ በዝርዝር ብታስረዱኝ።

---

ጌጅ አንባቢ

አለማመንህ ልክ ነው። ኮምፕሬሰሩ አልተነሳም ማለት ባዶ ነው ማለት አይደለም። ወደ ኮምፕሬሰሩ ክላች (ከቺንጋው ጋር የሚያያይዘው) የሚሄደው መብራት በፊውዝ፣ በሪሌ፣ በግፊት ስዊችና በኮምፒውተሩ በኩል ያልፋል፤ ከነዚህ አንዱ ቢበላሽ 550 ግራሙ በሙሉ ውስጥ እያለ ኮምፕሬሰሩ ዝም ይላል። ጋዝ ጎድሎ ስዊቹ ቢቆርጥ እንኳ በብዙ መኪና የሚቆርጠው ግፊቱ 2 ባር አካባቢ ሲደርስ ነው፤ 2 ባር ደግሞ ዜሮ አይደለም።

የካቻቢቴውን ነገር ተወው። አር-134ኤ በከባቢ አየር ግፊት የሚፈላው በ26 ዲግሪ ከዜሮ በታች ነው። ፈሳሹ ጣት ላይ ቢያርፍ ሥጋ ያደርቃል፣ ዓይን ውስጥ ቢገባ ያሳውራል። ከዚያ ሌላ፣ አንዴ የተጫነች መርፌ ቆሻሻ ይዟት ሳትመለስ ከቀረች ጋዙ እስኪያልቅ የሚያቆመው የለም። ዝም ማለቱም ምንም አይነግርህም፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ትክክለኛው መንገድ ማኒፎልድ ጌጅ (የሁለቱን ጎን ግፊት የሚያሳይ ባለ ጎማ መለኪያ) ነው። ሞተሩ ጠፍቶ መኪናው ጥላ ውስጥ ብዙ ሰዓት ይቁም፣ ሌሊቱን ቢያድር ይመረጣል። ኮንዴንሰሩ ከራዲያተሩ ፊት ስላለ ሞተሩ ትኩስ ከሆነ እሱም ይሞቃል፤ ኢቫፖሬተሩ (የመኪናውን ውስጥ የሚያቀዘቅዘው ክፍል) ደግሞ ዳሽቦርድ ውስጥ ቀዝቃዛ ነው። ሁሉም ክፍል የአየሩን ሙቀት ካልያዘ የምታነበው ቁጥር ከምንም ጋር አይነጻጸርም። ከዚያ ጎኑ የተሸፈነ መነጽርና ፈሳሽ የማያስገባ ወፍራም ጓንት አድርግ። ቦታው አየር የሚዘዋወርበት ይሁን። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ የመኪና መጠገኛ ጉድጓድ ውስጥ ወይም ከመኪናው ስር ተኝቶ መሥራት አይገባም፤ ጉድጓዱን ከሞላ ኦክስጅኑን ያስወጣዋል፣ ሽታው ደካማ ስለሆነም ሰው ሳይነቃ ራሱን ይስታል።

መግጠሚያዎቹን ፈልግ። ዝቅተኛ ግፊት ያለበት ወፍራሙ ቧንቧ ላይ ነው፣ ከፍተኛው ቀጭኑ ላይ። በአር-134ኤ መኪና ዝቅተኛው 13፣ ከፍተኛው 16 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሊቀያየሩ አይችሉም። የፕላስቲክ ክዳኑን ቀስ ብለህ አዙር፤ መርፌዋ የምታፈስ ከሆነ ክዳኑ ስር ግፊት ተጠራቅሞ ይቆያል። አካባቢውን ጥረግ። የማኒፎልዱ ሰማያዊና ቀይ እጀታዎች ሁለቱም መዘጋታቸውን አረጋግጥ፣ መሃለኛው ቢጫ ጎማም ክፍት አይተው። የጌጁን ጎማ መግጠሚያ «ቀጭ» እስኪል ግፋ፣ ከዚያ ራሱ ላይ ያለውን እጀታ ወደ ታች አዙረህ መርፌዋን አስጫን።

ሥርዓቱ ጤነኛ ከሆነ ሁለቱም ጌጆች አንድ ዓይነት ቁጥር ያሳያሉ። ለአር-134ኤ፣ ፈሳሽ ውስጡ ካለ፣ የሚጠበቀው ይህ ነው፦

15 ዲግሪ፦ 3.9 ባር (56 ፒኤስአይ)
20 ዲግሪ፦ 4.7 ባር (68 ፒኤስአይ)
25 ዲግሪ፦ 5.6 ባር (82 ፒኤስአይ)
30 ዲግሪ፦ 6.7 ባር (97 ፒኤስአይ)
35 ዲግሪ፦ 7.9 ባር (114 ፒኤስአይ)

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ይህ ቁጥር ጋዝ *መኖሩን* እንጂ *መጠኑን* አይናገርም። ውስጥ ትንሽ እንኳ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱን የሚወስነው ሙቀቱ ብቻ ነው፤ 150 ግራም የቀረው መኪናና 550 ግራም የሞላው መኪና በ20 ዲግሪ ሁለቱም 4.7 ያሳያሉ። ቁጥሩ ከሰንጠረዡ መውረድ የሚጀምረው ፈሳሹ በሙሉ አልቆ እንፋሎት ብቻ ሲቀር ነው። ስለዚህ በ20 ዲግሪ 2 ባር ብታነብ በጣም ጥቂት ቀርቷል ማለት ነው፤ ግን እሱም ቢሆን ወደ አየር ሳይለቀቅ በመሰብሰቢያ ማሽን ወደ ሲሊንደር መሰብሰብ አለበት።

ከሰንጠረዡ በግልጽ ከበለጠስ? አየር ተቀላቅሎበታል ወይም የተሞላው ሌላ ጋዝ ነው። በዚህ ጊዜ ወደ ሌላ ደረጃ ሳትሄድ አቁም።

---

ኮፋኖ ክፍት

ጥሩ ተብሏል። እኔ ስለ ዜሮ ልጨምር፤ ሰው የሚጎዳው ዜሮ አይቶ ሲያምን ነውና።

ጌጅ ዜሮ ላይ የሚቆምባቸው ከባዶነት ውጭ ያሉ ምክንያቶች ብዙ ናቸው። የመግጠሚያው እጀታ እስከ መጨረሻው ስላልዞረ መርፌዋ አልተጫነችም። መርፌዋ ወደ ውስጥ ሰምጣ የመግጠሚያው ጫፍ አይደርስባትም። የሚያፈስ ቦታ ለመድፈን የተጨመረ ኬሚካል ቀዳዳውን ዘግቶታል። ወይም ጌጁ ራሱ ወድቆ ተበላሽቷል። ካቻቢቴ ተጭኖ ዝም ያለ ቫልቭም ከነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ዜሮ የሚታመነው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፦ ጌጁ ግፊቱ በሚታወቅ ሌላ ነገር ላይ ተሞክሮ ሲሠራ፣ ሁለቱም መግጠሚያዎች ለየብቻ ዜሮ ሲያሳዩ፣ ከዚያም የመሰብሰቢያ ማሽኑ ተገጥሞ ምንም ሳያወጣ ወዲያው ወደ ቫኪዩም (ከውጭው አየር በታች ግፊት) ሲገባ። አንዱ ጎን ዜሮ ሌላው 4 ባር ካሳየ የምታምነው 4ቱን ይሁን።

ሌላው ከፍታ ነው። ጌጅ የሚለካው ከውጭው አየር ያለውን ልዩነት ነው። ከባሕር ወለል 2000 ሜትር ላይ የውጭው አየር ግፊት በ0.2 ባር ያህል ስለሚቀንስ፣ ያው ጋዝ በያው ሙቀት ከሰንጠረዡ 0.2 ባር ከፍ ብሎ ይነበባል። ይህን የማያውቅ ሰው አየር ገብቶበታል ብሎ ይደመድማል።

---

ሞተር ወዳጅ

በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን፦ በ20 ዲግሪ 4.7 ባር ካገኘሁና ወረቀቱም አር-134ኤ ካለ፣ ውስጡ ያለው እሱ ነው ብዬ ማሽን ልግጠም?

---

መርፌ ቫልቭ

አይሆንም ወንድሜ። ቁጥሩን ተመልከተው፦ በ20 ዲግሪ አር-134ኤ 4.7 ባር ነው፤ የድሮው አር-12ም 4.7 አካባቢ ነው፤ አዲሱ አር-1234ዋይኤፍ 4.9 ነው። ሦስቱን በጌጅ መለየት አይቻልም። ፕሮፔን ብቻውን 7.4 ስለሚያሳይ ይታወቃል፤ አይሶቡቴን ብቻውን 2 አካባቢ ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ ግን መሃል ላይ ይወድቃሉ፣ ልክ አር-134ኤን እንዲመስሉ ተደርገው የሚሸጡ ድብልቆችም አሉ። እነዚህ ደግሞ የምግብ ማብሰያ ጋዝ ዘመዶች ናቸው፤ ይቀጣጠላሉ። ለማይቀጣጠል ጋዝ የተሠራ ማሽን ውስጥ ገብተው ከኤሌክትሪክ ፍንጣቂ ጋር ቢገናኙ እሳት ነው።

ወረቀቱ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ይናገራል፤ ከዚያ ወዲህ ማን ምን እንደሞላው አይናገርም። መግጠሚያው ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። አር-12 መግጠሚያው በጥርስ የሚጠብቅ ነው፣ አር-134ኤ በግፊት የሚቆልፍ፣ አር-1234ዋይኤፍም በግፊት የሚቆልፍ ሆኖ ልኩ የተለየ። በጥርሱ ላይ ተጨማሪ መግጠሚያ የተበየደበት ወይም የተጠመጠመበት ካየህ ጋዙ ተቀይሯል ማለት ነው፤ በምን እንደተቀየረ ግን አታውቅም።

እርግጠኛው መንገድ የጋዝ መለያ መሣሪያ ነው። ከዝቅተኛው ጎን እንፋሎት ብቻ ይወስዳል፣ የአር-134ኤ፣ የአር-12፣ የአር-22፣ የሚቀጣጠል ጋዝና የአየር ድርሻ በመቶኛ ያወጣል። ፈሳሽ ወይም ዘይት ከገባበት ሴንሰሩ ይበላሻል፤ ስለዚህ ከቀጭኑ ቧንቧ ናሙና አይወሰድም፣ የናሙና ጎማው ላይ ያለው ነጭ ፊልተር በዘይት ከቀላ ወይም ከጠቆረ ይቀየራል። ንጽሕናው 98 ከመቶ በታች ከሆነ ከንጹሕ ጋዝ ጋር አንድ ሲሊንደር ውስጥ አይገባም፤ ለብቻው በተመደበ ማሽንና ሲሊንደር ተሰብስቦ «የተበከለ» ተብሎ ይጻፍበታል። አንድ የተበከለ መኪና 10 ኪሎ ንጹሕ ጋዝ የያዘ ሲሊንደር ሲያበላሽ ኪሳራው የማን እንደሆነ አስበው።

---

ጌጅ አንባቢ

መርፌ ቫልቭ ያለው ሁሉ ልክ ነው። ከማሰባሰቡ በፊት ግን አንድ ደረጃ አለ፣ ሰው ሁሌ የሚዘለው፦ ግፊቱ ውስጥ እያለ የሚያፈስበትን ቦታ መፈለግ። ጋዙ ከወጣ በኋላ ይህ ዕድል የለም። ዘይት ከጋዙ ጋር ስለሚዞር የሚያፈስ ቦታ ላይ ዘይት የጠጣ አቧራ ይታያል፤ በተለይ የኮምፕሬሰሩ አክስል ማኅተም፣ የጎማ ቱቦና የብረቱ መጋጠሚያ፣ በጠጠር የሚመታው የኮንዴንሰሩ ታችኛ ክፍል። ኤሌክትሮኒክ መፈለጊያ ካለ ጫፉን ከመጋጠሚያው *በታች* አሳልፍ፣ ጋዙ ወደ ታች ነውና የሚወርደው። የኢቫፖሬተሩን ውሃ ማስወጫ ቱቦም አትርሳ።

ባዶ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ በደረቅ ናይትሮጅን፣ ሬጉሌተር ተገጥሞለት፣ 10 ባር ገደማ ይሞከራል። የጎማ መንፊያ አየር በፍጹም አይገባበትም። አር-134ኤ በተራ ሁኔታ አይቀጣጠልም፤ ከአየር ጋር ተደባልቆ ግፊት ሲበዛበት ግን ሊቀጣጠል ይችላል። ኦክስጅን ደግሞ ከዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል።

---

ሲሊንደር ጠባቂ

ስለ ማሰባሰቡ እኔ ልጻፍ።

በመጀመሪያ፣ የቫኪዩም ፓምፕ የመሰብሰቢያ ማሽን አይደለም። ፓምፑ የሳበውን በጀርባው ወደ አየር ነው የሚለቀው። አር-134ኤ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1430 እጥፍ ያሞቃል፤ ያንተ 550 ግራም ከ780 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደመልቀቅ ነው። አር-12 ደግሞ ወደ 10,900 እጥፍ ከመሆኑም በላይ የኦዞን ንጣፍን ይበላል፤ እ.ኤ.አ. በ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነትና በኋላ በተደረጉለት ማሻሻያዎች ምርቱ እንዲቆም የተወሰነው ለዚህ ነው። አር-134ኤን የመሳሰሉትም እ.ኤ.አ. በ2016 በኪጋሊው ማሻሻያ የሚቀነሱ ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። በብዙ አገሮች ሆን ብሎ መልቀቅ በሕግ ያስቀጣል፤ ሕግ በሌለበትም ጋዙ ያው ጋዝ ነው።

ኮምፕሬሰሩ የሚነሳ ቢሆን ኖሮ ኤሲውን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አሠርቶ ማጥፋት ይጠቅም ነበር፤ ሲሞቅ ጋዙ ከዘይቱ ይለቃል። ያንተ ስለማይነሳ ዝም ብሎ ጊዜ ይወስዳል። ማሽኑን በሁለቱም ጎን ግጠም፣ የሲሊንደሩን ሚዛን ዜሮ አድርግ፣ ጀምር። ግፊቱ ከዜሮ በታች ሲወርድ ማሽኑን አቁምና ቫልቮቹን ዝጋ። ሥራው አላለቀም። 5 ደቂቃ ጠብቅና ጌጁን ተመልከት፦ ወደ ላይ ከተመለሰ ዘይቱ ውስጥ የሟሟው ጋዝ እየወጣ ነው፤ ደግመህ ሰብስብ። እስኪረጋ ድረስ ይደጋገማል። አንዴ ብቻ ስቦ የሚፈታ ሰው ፊቱ ላይ የሚረጨው ይህ ቀሪ ጋዝ ከዘይት ጋር ነው።

አኩሙሌተሩ ወይም ድራየሩ (እርጥበት የሚይዘው ጣሳ) ላይ ውርጭ ካየህ እዚያ ፈሳሽ ተኝቷል፣ ራሱን አቀዝቅዞም መፍላት አቁሟል። በሞቀ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ጠቅልልበት ወይም ለብ ያለ አየር ንፋበት። እሳት አይቀርብም። ጋዙ ነበልባል ወይም የጋለ ብረት ሲነካ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ የሚባል ሳንባ የሚያቃጥል መርዝ ይሆናል፤ ሲጋራም ቢሆን እዚያ አካባቢ አይጨስ።

ሲሊንደሩ ለመሰብሰብ የተሠራ፣ ደጋግሞ የሚሞላ ዓይነት መሆን አለበት። አዲስ ጋዝ የሚሸጥበት የሚጣል ሲሊንደር ተመልሶ አይሞላም፤ ቫልቩም ግድግዳውም ለዚያ አልተሠራም። ከአቅሙ 80 ከመቶ በላይ አይሞላ፤ ፈሳሹ ሲሞቅ የሚሰፋበት ቦታ ካጣ ይፈነዳል።

መጨረሻ ላይ ሁለት ቁጥር ጻፍ፦ የተሰበሰበው ጋዝ በግራም፣ ማሽኑ የለየው ዘይት በሚሊ ሊትር። 550 መውጣት ሲገባው 210 ከወጣ የሚያፈስ ቦታ አለ። ዘይቱ ደግሞ መልሰህ ስትገጥም የሚጨመረው መጠን ነው።

---

ብርቱካን ሽቦ

ይህን ክር የሚያነብ የሃይብሪድ ወይም የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት ካለ፦ እዚህ የተጻፈው ብቻውን አይበቃም። ኮምፕሬሰሩ በቺንጋ ሳይሆን በመቶዎች ቮልት ነው የሚዞረው፤ ወደሱ የሚሄደው ብርቱካናማ ሽቦ ነው። አምራቹ ባዘዘው መንገድ ዋናው ባትሪ ሳይለይ፣ ካፓሲተሮቹ የሚራገፉበት ጊዜ ሳያልፍና በሜትር ዜሮ ቮልት ሳይረጋገጥ ማንም አይንካው። ከነዚህ ብዙዎቹ የሚጠቀሙት ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ፒኦኢ ዘይት ነው። የማሽኑ ጎማ ውስጥ የቀረ ተራ ፓግ ዘይት (የብዙ ተራ መኪና ኤሲዎች ዘይት) ጥቂቱ እንኳ ቢገባበት መከላከያውን ስለሚያዳክም ጎማው ቀድሞ ይታጠባል።

አር-1234ዋይኤፍ የያዘ መኪና ደግሞ ለሱ የተሠራ ማሽን ይፈልጋል። ጋዙ በመጠኑ ይቀጣጠላል፤ የአር-134ኤ ማሽን መግጠሚያውን አስተካክሎ መጠቀም አቋራጭ መንገድ አይደለም።

---

ኮፋኖ ክፍት

ሞተር ወዳጅ፣ አንድ ጥያቄ መልሼ ልጠይቅህ፦ እውነት መፈታት አለበት? በብዙ መኪና ሞተር ሲወርድ የኮምፕሬሰሩ ብሎኖች ብቻ ተፈትተው፣ ቧንቧዎቹ እንደተገጠሙ፣ ኮምፕሬሰሩ ወደ ጎን ተደርጎ በጠንካራ ገመድ ከሻንሲው ጋር ይታሰራል። በጎማ ቱቦው ተንጠልጥሎ መተው ግን አይቻልም፣ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል። ኮንዴንሰሩም ቦታ ካለ ከራዲያተሩ ተለይቶ እንዳለ ይቆያል።

---

ሞተር ወዳጅ

ኮምፕሬሰሩ ለሱ ቦታ አለው፤ ኮንዴንሰሩ ግን የፊት ብረቱ ሲወጣ መውጣቱ ግድ ነው። እንዳላችሁት መጀመሪያ የሚያፈስበትን ፈልጌ፣ ከዚያ መለያ መሣሪያና ማሽን ያለው ጋር ወስጄ አሰበስባለሁ። ከዚያ በኋላ ሲፈታ የሚጠበቅ ነገር አለ?

---

መርፌ ቫልቭ

አለ። ማሽኑ ዜሮ ቢልም መነጽርና ጓንቱ አይወልቅም። መጀመሪያ የሚፈታው በቀላሉ የምትደርስበት መጋጠሚያ ይሁን፣ ፊትህም ከአቅጣጫው ይራቅ። ዳዶውን ሩብ ዙር ብቻ አላላና አዳምጥ፤ ማፏጨት ከሰማህ መልሰህ አጥብቅና ማሽኑን እንደገና ግጠም። ቧንቧው አልሙኒየም ስለሆነ በአንድ መፍቻ አይታገሉትም፦ አንዱ ቧንቧውን ይይዛል፣ ሌላው ዳዶውን ያዞራል። ያለዚያ ይጠማዘዛል።

የተፈታ አፍ ሁሉ ወዲያው ይዘጋል፤ የጎማ ክዳን ከሌለ ንጹሕ ፕላስቲክ በጥብቅ ይታሰርበት። ፓግ ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ድራየሩም እንዲሁ። ክፍት ያደረ ድራየር ይጣላል፣ አዲሱም የሚከፈተው ሁሉም ነገር ተገጥሞ በመጨረሻ፣ ቫኪዩም ሊጀመር ሲል ነው። የተፈቱ ኦሪንጎች (የመጋጠሚያ የጎማ ቀለበቶች) በሙሉ ይቀየራሉ፤ ለኤሲ የተሠሩ ኤችኤንቢአር ከሚባል ጎማ የሆኑት ናቸው የሚገቡት። ቀለሙን አይተህ አትግዛ፣ አረንጓዴ ሁሉ ለኤሲ አይደለም። ሲገጠሙ ኦሪንጉ ላይ ጥቂት የኤሲ ዘይት ይቀባል።

---

ሲሊንደር ጠባቂ

አንድ የቀረ። ጋዝ የሌለው ኮምፕሬሰር ዘይት አይዞርለትም፤ ሞተሩ ተመልሶ ሲነሳ ሰው ሳያውቅ ኤሲውን ቢከፍትና ክላቹ ቢይዝ በአጭር ጊዜ ይቃጠላል። የክላቹን ሶኬት ንቀልና መሪው ላይ ወረቀት አንጠልጥል፦ «ኤሲው ጋዝ የለውም፣ አይከፈት»፤ ከሥሩም የተሰበሰበው ጋዝ ዓይነትና ግራም፣ የዘይቱ ሚሊ ሊትር፣ የተሰበሰበበት ቀን ይጻፍበት።